ስሙ የቀረ ሰውና ስሙ የተረሳ ዜማ

ከባምቢስ አቅራቢያ ተነሥቶ ባሕር ስለ ተሻገረ አንድ «ክላሲካል»



መስከረም 16 ቀን ከቀትር በኋላ በባምቢስ በኩል የሚያልፍ ሰው የሚያየው ትዕይንት ከዓመት ዓመት ያው ነው። ከዑራኤል በኩል የሚመጣው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ልጁን በእጁ ይዞ፣ ጧፉን ሸክፎ ወደ መስቀል አደባባይ ይተማል። የዓደይ አበባ የያዙ ልጆች በሰው መካከል ይሹለከለካሉ። ከአንዱ ሱቅ መዝሙር፣ ከሌላው የዘመን መለወጫ ዘፈን ይሰማል። በታክሲው ውስጥ ያለችው እናት ደግሞ «ባምቢስ ላይ ወራጅ አለ» ትላለች።

ለመሆኑ ባምቢስ ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ከተሳፋሪው መካከል መልሱን የሚያውቅ ብዙ ሰው አናገኝም። ባምቢስ በግሪኮች ዘንድ ሃራላምቦስ ለሚባል ሰው የሚሰጥ የማቆላመጫ ስም ነው። በዚህ ስም የሚጠራ ግሪካዊ ነጋዴ በዚያ መንገድ ላይ የምግብ ሸቀጥ መደብር ከፈተ። የሰውየው ስም የመደብሩ ስም ሆነ፤ የመደብሩ ስም የሰፈሩ ስም ሆነ፤ በመጨረሻም ሰፈሩ ሰውየውን ረስቶ ስሙን ብቻ ያዘ። የጎረቤቱ የካዛንቺስ ነገርም እንዲሁ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም በምሕፃረ ቃል «ኢንቺስ»፣ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ወራሪው ተባርሮ ከሄደ በኋላ ቃሉ በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ለዝቦ፣ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ።

በእነዚህ ሰፈሮች የሆነው፣ ሰው ተረስቶ ስም መቅረቱ ነው። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ከዚሁ አካባቢ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ፣ ብዙ ሰው የሚያንጎራጉረው፣ ነገር ግን የሠራው ሰው ስም ለረዥም ዘመን ከኋላው የቀረ አንድ ዜማ ነው። ስሙም «ሙዚቃዊ ስልት» ይባላል።

የሂልተን ሌሊቶች

ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ ወጥቶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና የዘለቀ ሰው ሂልተን ሆቴልን ያገኛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ይህ ሆቴል በዘመኑ የከተማው ታላቅ የመዝናኛ ሥፍራ ነበር። በዚያም ለብዙ ዓመታት ይጫወት የነበረው ቡድን፣ በሀገራችን ተራሮች በሚኖረው በዋልያ ስም የተጠራው ዋልያስ ባንድ ነው። በኪቦርዱ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ በሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ በባስ ጊታር መላከ ገብሬ፣ በትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ በድራም ተማረ ሐረጉ ይጫወቱ ነበር። ፒያኒስቱ፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ግርማ በየነም ከእነርሱ ጋር ነበሩ።

ዘመኑ ለሙዚቃ የተመቸ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በከተማው የሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ሌሊት ወደ ቤት መመለስ ስለማይቻል፣ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። ለዘፈን የሚጻፈው ግጥም በመርማሪ ዓይን ያልፋል። ያለ ግጥም በመሣሪያ ብቻ የሚቀርብ ሙዚቃ ግን መርማሪው የሚሰርዝለት ቃል አልነበረውም። ሕዝባችን ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ በተለምዶ «ክላሲካል» ይለዋል።

ዋልያስ በ1969 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1977) «ቼ በለው» የተሰኘውን የሸክላ አልበም ያወጣው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። አርእስቱ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያነሣሣበትን ቃል ያስታውሳል። በቫይብራፎን የታወቁት ሙላቱ አስታጥቄም በሥራው ተሳትፈዋል። በዚያ ዘመን ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ የተሠራ አልበም እምብዛም አልነበረም። በአልበሙ ውስጥ ከተካተቱት አንዱ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አጭር ሐረግ እየተመላለሰች መሠረቱን ትይዛለች፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ በላይዋ ላይ ዜማውን ይጥላሉ፣ ኪቦርዱም በመካከሉ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ስሙን ባያውቅም ዜማውን አይረሳም። የኋላ ዕድሉንም የወሰነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ግጥም ያለው ዘፈን ከቋንቋው ክልል ለመውጣት ይቸገራል፤ ግጥም የሌለው ግን የማንንም ደጅ ያንኳኳል።

መለያየት

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ከድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ፣ በስደት ላይ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ተጫወተ። ጉዞው ሲያበቃ የቡድኑ አባላት ተለያዩ። ከፊሎቹ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያንና ግርማ በየነን ጨምሮ አራት ያህሉ እዚያው ቀሩ።

በደብረ ብርሃን ተወልደው፣ በአዲስ አበባ አድገው፣ በልጅነታቸው አኮርዲዮን ተምረው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያለፉት ኃይሉ መርጊያ፣ በዋሽንግተን ለጥቂት ዓመታት ከተጫወቱ በኋላ መድረኩን ተዉት። ለረዥም ጊዜም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ የታክሲ ሹፌር ሆኑ። ሙዚቃውን ግን በልባቸው አልተዉትም። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያኖሩና፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ባለው ክፍት ሰዓት አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ግርማ በየነም ከሙዚቃው ርቀው ለኑሮ የሚሆን ሌላ ሥራ ያዙ። በ1960ዎቹ ለታወቁ ድምፃውያን ከስድሳ በላይ ዘፈኖችን ያቀናበሩ ሰው ስማቸው ከአድማጭ ጆሮ ራቀ።

ዜማው ግን አልተቀመጠም።

ናይጄሪያዊ ያልነበሩት ናይጄሪያውያን

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የኢትዮጵያን የሸክላ ሙዚቃ ሲያሰባስብ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የ1970ዎቹን ዘፈኖች የያዘ የሲዲ ስብስብ አሳተመ። «ሙዚቃዊ ስልት» በዚህ ስብስብ ውስጥ ነበረ። በኋላም «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፓሪስ የታተመው ተከታታይ ስብስብ የሀገራችንን ዘፈኖች በየአህጉሩ አዳረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1998 በኒው ዮርክ ከተማ «ዳክታሪስ» የተባለ ቡድን አንድ አልበም አወጣ። በሽፋኑ እንደ ተገለጸው ሙዚቃው በ1970ዎቹ በናይጄሪያ የተቀዳ፣ ተጫዋቾቹም ናይጄሪያውያን ነበሩ። እውነቱ ሌላ ነው። ሥራው በዚያው በኒው ዮርክ፣ በዚያው ጊዜ የተቀዳ ሲሆን፣ የስቱዲዮ ሙዚቀኞቹ በናይጄሪያ ስም ተሸፍነው ነበር። በአልበሙ ውስጥ ካሉት ሥራዎች አንዱ የእኛው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። እንግዲህ በካዛንቺስ አጠገብ የተጫወቱት ኢትዮጵያውያን ዜማ፣ ናይጄሪያዊ ነን ባሉ አሜሪካውያን እጅ እንደገና ተወለደ ማለት ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ከአልበሙ ዘፈኖች የአንዱ አርእስት ትርጉም የሌለው የአፍሪካ ቋንቋ ይመስልና፣ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ በእንግሊዝኛ «ሁሉም ትልቅ ማጭበርበር ነው» የሚል መሆኑ ነው። ሠሪዎቹ ቀልዱን ራሳቸው ደብቀው ጽፈውታል።

ሌሎች ግን በገሃድ መጡ። በቦስተን ከተማ የሚገኘው «አይዘር ኦርኬስትራ» የተባለ የጃዝ ቡድን፣ መሪው ያንን የ1994 ስብስብ ከሰማ በኋላ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በራሱ ቅንብር ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው አልበሙ ውስጥ አካተተው። ቡድኑ በዚህ አልበቃውም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2004 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ የኢትዮጵያን ዜማዎች ለኢትዮጵያውያን ተጫወተ። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ቡድኑን ይዞ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ የአሜሪካ የጃዝ ቡድን ወደ ከተማችን ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ዜማ ከዚህ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ ወደ ተወለደበት ከተማ ሲመለስ ማየት ምንኛ ያስደንቃል!

ጥለት መቁረጥና ቀሚስ ማስተካከል

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። አንደኛው ቀድሞ የተሠራን ዘፈን በራስ መሣሪያና ድምፅ እንደገና መጫወት ነው፤ ሙዚቀኞች «ኮቨር» ይሉታል። ሁለተኛው ከቆየው ሸክላ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ያህል ድምፁን ራሱን ቆርጦ ወስዶ፣ እየደጋገሙ በአዲስ ሥራ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህም «ሳምፕል» ይባላል። በቤት ቋንቋ እንናገረው ብንል፣ የመጀመሪያው የእናትን ቀሚስ ልክ አስገብቶ ለበዓል መልበስን ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ ካረጀው ቀሚስ ላይ ጥለቱን ቆርጦ በአዲስ ሸማ ላይ መስፋት ነው። ሁለቱም ነውር አይደሉም። ነውሩ ቀሚሱ የማን እንደ ነበረ አለመናገር ነው።

በኮምፒውተር ዘመን ጥለት ቆራጮች በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 «ኦ ኖ» በሚል ስም የሚታወቅ የካሊፎርኒያ የሙዚቃ አቀናባሪ ከኢትዮጵያ የቆዩ ሸክላዎች በተወሰዱ ድምፆች ላይ ተመሥርቶ ሙሉ አልበም አሳተመ። በተከታዩ ዓመት አሜሪካዊው ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ በጋራ ባወጡት አልበም የመክፈቻ ዘፈን ውስጥ፣ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ሠሩበት። በብዙ አገር ያለ ወጣት ያንን የሳክስፎን ሐረግ የሰማው ከዚህ ዘፈን ነው፤ ከመካከላቸውም ምንጩን ፈልጎ ወደ ሙላቱ የደረሰ አለ፣ ሳይደርስ የቀረም አለ።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን፣ እኛም ከሌላው የወሰድነው መኖሩን መርሳት አይገባንም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በዚያ ያገኟቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከነነፋስ መሣሪያቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው ነበር። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ወጣቶችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለዘመናዊው ሙዚቃችን መሠረት ከጣሉት መካከል ናቸው። የዋልያስ ሳክስፎንና ትራምፔት የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ጥበብ ሲቀባበሉት ያድጋል። ጥያቄው መቀባበሉ ሳይሆን፣ ተቀባዩ ያቀባዩን ስም መጥራቱ ነው።

ሊቃውንቱ እንዴት ያደርጋሉ?

ዘፈንና ያሬዳዊ ዜማ የየራሳቸው ሥፍራ አላቸው፤ ልናነጻጽራቸው አንደፍርም። ስም በመጥራት ረገድ ግን ከአብነት ትምህርት ቤት የምንማረው አለ። ድጓው አንድ ሆኖ ሳለ አዜማዜሙ እንደየምስክር ቤቱ ይለያያል፤ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት እየተባለም ቤቱ በስሙ ይጠራል። አንድ የዜማ ተማሪ ከሌላ ደብር ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ነው። መምህሩን የማይጠራ ተማሪ፣ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሙሉ ሆኖ አይቆጠርም።

በዚያም ቤት ቢሆን ስም ከሠሪው ወደ አስተላላፊው የተሻገረበት ጊዜ አለ። በደመራው ዕለት ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ከምናያቸው ስልቶች አንዱ «ተክሌ» ይባላል። እንደሚነገረው ይህን ስልት ያወጡት በጨዋታ አዋቂነታቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ በጣና አካባቢ የማዕበሉንና የሸምበቆውን ውዝዋዜ ተመልክተው ነው ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን ስላልተቀበሉት፣ ልጃቸው አለቃ ተክሌ ተምረው በደብረ ታቦር አስፋፉት። ስሙም በልጅየው ተጠራ። ነገር ግን የዜማው ቤት ታሪኩን አልጣለም፤ «ተክሌ» ብሎ የሚያስተምር መምህር ሁሉ፣ ያወጡት አባትየው እንደ ነበሩ አብሮ ይናገራል። ስሙ የልጅ ይሁን እንጂ ምስጋናው ለሁለቱም ደረሰ። ታሪኩን የያዘው የተማሪው አንደበት ነው።

የሕጉም መንፈስ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚናገር ክፍል ነበረው። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ ለሥራው አመንጪ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጠዋል። ከዚህም ጋር የሞራል መብት የሚባለውን፣ ማለትም የሥራው አመንጪ ተብሎ በስሙ የመታወቅ መብትን ያስከብርለታል። ገንዘቡና ስሙ በአንድ አዋጅ ጎን ለጎን መቀመጣቸው፣ ስም ራሱ ሀብት መሆኑን ያስረዳል። ይሁን እንጂ ሕግ ሥራውን የሚጀምረው ባለመብቱ ማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው። ስሙ ከሸክላው ሽፋን ላይ የወደቀበት ደራሲ፣ ከሕጉ በፊት የሚያስፈልገው የሚያስታውሰው ሰው ነው።

ባለቤቶቹ ሲገኙ

«ሙዚቃዊ ስልት» ባለቤቶቹን መልሶ ለማግኘት በቅቷል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ በባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት የኃይሉ መርጊያን የ1985 (እ.ኤ.አ.) ካሴት አገኘ። ሰውየውን አፈላልጎ በዋሽንግተን ካገኛቸው በኋላ፣ «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን ዜማ የያዘውን ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ «ቼ በለው» ታተመ። ኃይሉም ከሃያ ዓመት በላይ ከራቁት መድረክ ተመልሰው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አበረከቱ።

ግርማ በየነም ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ «አካሌ ውቤ» የተባለ የፈረንሳይ ቡድን ፈልጎ አገኛቸው። የቡድኑ አባላት የእኛን የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ዜማዎች በፓሪስ የሚጫወቱ ወጣቶች ነበሩ። አብረው የሠሩት አልበም እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮፒክስ ሠላሳኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ም በውስጡ አለ። በዚህ ጊዜ ግን ዜማው ከደራሲው እጅ፣ ከደራሲው ስም ጋር ነበር። ከቀረጻው እስከዚያ ቀን አርባ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ያ ጊዜ አይመለስም፤ በታክሲ መሪና በሌላ ሥራ ያለፈው ዘመን ስንት ዜማ ይዞ እንደ ሄደ ማን ያውቃል? ሆኖም ሁለቱ በሕይወት ሳሉ ተፈልገው መገኘታቸው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከዘመነኞቻቸው ይህን ሳያዩ ያለፉ ብዙዎች ናቸው።

በእኛ በኩል ያለው

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ ነባር ክፍል በብዛት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወረ። በአዝማሪ ቤትነቱ የታወቀው፣ ከውጭ የሚመጡ ሙዚቀኞችም ከእኛዎቹ ጋር የሚጫወቱበት ፈንዲቃ ከዚያ ሥፍራ ተነሣ። ቤት ሲነሣ ግድግዳው ይዞት የነበረው ትዝታ በሰው አንደበት ላይ ብቻ ይቀራል። አንደበቱም ዝም ካለ፣ የሚጠየቅ ግድግዳ የለም።

ስለዚህ ሥራው ከእኛ ቤት ይጀምራል። በየበዓሉ በየቤታችን ዘፈን ይከፈታል። ልጆቻችን በስልካቸው የሚሰሙት አዲስ ዘፈን ውስጥ አሮጌ ጥለት እንዳለበት የሚያውቁት ያኔ የሰሙት አባትና እናት ናቸው። «ይህ እኮ የእገሌ ነው፤ በእገሌ ዘመን የተሠራ ነው» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ቤት ያሉ ሸክላዎችና ካሴቶች ከመጣላቸው በፊት በላያቸው የተጻፈውን የደራሲ፣ የአቀናባሪና የተጫዋች ስም ማንበብም እንዲሁ ነው። ኃይሉ መርጊያ እንደገና የተገኙት በአንድ ሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይጣል በቀረ አንድ ካሴት ምክንያት መሆኑን አንርሳ።

የመስቀል በዓል የተቀበረው የወጣበት መታሰቢያ ነው። ንግሥት እሌኒ ቦታውን ያገኘችው የዕጣኑን ጢስ ተከትላ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የአካባቢውን ነገር የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ጠይቃ እንደ ነበር አባቶቻችን ይተርካሉ። የቅዱሱን ነገር ከዓለማዊው ጋር ሳንቀላቅል፣ ከታሪኩ አንዲት ትምህርት እንውሰድ፤ የሚያውቀውን ሰው በጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከደመራው መልስ በባምቢስ በኩል ስናልፍ ልጃችን «ባምቢስ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ አለን። ከዚያ አልፎ «ያ ዜማስ የማን ነው?» ቢለን ደግሞ፣ የግርማ በየነ ነው፤ በሂልተን ይጫወቱ የነበሩት ዋልያስ የተጫወቱት ነው እንበለው።